ሕመም የሌለው የእግር እብጠት፦ አልትራሳውንድ ከቆዳ ሥር ምን ያሳያል?

በገዳሪፍ ሜዳ የሰሊጥ ወይም የማሽላ አረም የሚያርም ሰው እሾህ ቢወጋው ሥራውን አያቆምም፤ ነቅሎ ጥሎ ይቀጥላል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በዚያው ቦታ ጠጣር እብጠት ይወጣል። እብጠቱ ግን አያመውም። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

በሽታው ማይሴቶማ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንዷ ማዱራይ ከተማ ስለተገለጸ "የማዱራ እግር" የሚል ስያሜም አለው። በአፈርና በእሾህ ላይ የሚገኙ ፈንገሶች ወይም ባክቴሪያዎች በቁስል በኩል ገብተው ያስከትሉታል። ሱዳን በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አገራት አንዷ ናት። በመተማና በገላባት በኩል ለአረምና ለአጨዳ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን የጉልበት ሠራተኞችም የሚውሉት በዚሁ እሾሃማ ምድር ነው።

የነርቭ ሕመም፣ ለምሳሌ ከስኳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚመጣው፣ እግርን ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ይገፋዋል። ማይሴቶማ በአንጻሩ ዝም ይላል። ሕመም የሚሰማው ዘግይቶ፣ በሽታው አጥንት ውስጥ ሲገባ፣ ነርቭ ሲነካ ወይም ሌላ ባክቴሪያ ሲደረብበት ነው። በዚያን ጊዜ እግርን ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ላይቀር ይችላል።

አልትራሳውንድ ጠቃሚ የሚሆነው ከዚያ በፊት ነው። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ እግር ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣውን የገደል ማሚቶም ወደ ምስል ይለውጣል። በአውሮፓውያኑ 1997 የሱዳን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት በሁለቱ የማይሴቶማ ዓይነቶች መካከል የሚታይ ልዩነት እንዳለ አሳይተዋል። በፈንገስ የሚመጣው ወፍራም ግድግዳ ባላቸው ጥቁር ክፍተቶች ውስጥ ደማቅና ሹል ነጠብጣቦችን ያሳያል። በባክቴሪያ የሚመጣው ግን ደቃቅና የተጠጋጉ፣ ከክፍተቱ ሥር የሚከማቹ ነጠብጣቦች አሉት።

ይህ ልዩነት ሕክምናውን ይወስናል። የባክቴሪያው ዓይነት በአብዛኛው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይድናል። የፈንገሱ ዓይነት ግን ኢትራኮናዞልን በየቀኑ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መውሰድን፣ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምናን ይጠይቃል። ወቅቱን ጠብቆ ከአገር አገር ለሚዘዋወር የቀን ሠራተኛ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰደው ፎስራቩኮናዞል በሱዳን ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2024 መታተሙ ለዚህ ነው ትኩረት የሳበው።

ምስሉ ቀዶ ሐኪሙንም ይመራል። እብጠቱ እስከ የት እንደተዘረጋ ሳይታወቅ ከተቆረጠ የቀረው ክፍል ዳግም ያድጋል። ናሙና የሚወስደው መርፌም በምስሉ እየታየ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይገባል። በጣቶች መካከል ላለ ያበጠ ነርቭ የማደንዘዣ መርፌ የሚሰጠውም በዚሁ ዘዴ ነው።

እርግጥ አልትራሳውንድ አጥንትን ዘልቆ አያሳይም፤ የተዋህሲያኑንም ዝርያ ለይቶ አይናገርም። ለዚያ ራጅና ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ነገር ግን በእጅ ተይዞ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ዋጋው ትልቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ማይሴቶማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጎራ የመደበው በ2016 ነው። በ1991 በካርቱም የተቋቋመውና በፕሮፌሰር አህመድ ሐሰን ፋሃል የሚመራው የምርምር ማዕከል ግን በ2023 በተቀሰቀሰው ጦርነት ወድሟል፤ ለአሥርተ ዓመታት የተሰበሰቡ ናሙናዎችም አብረው ጠፍተዋል።

እብጠት ያለበት ሰው የትኛውም ጤና ጣቢያ ሲሄድ እሾህ የወጋው የትና መቼ እንደሆነ፣ ከቁስሉም ጠጠር መሰል ፍሬ ወጥቶ ከሆነ ቀለሙን ቢናገር ለሐኪሙ ይጠቅማል። ጥቁር ፍሬ ፈንገስን፣ ቀይ ወይም ቢጫ ፍሬ ባክቴሪያን ያመለክታል፤ ነጭ ከሆነ ግን ሁለቱም ሊሆን ይችላል።