የዘመነ ሉቃስ የቤት በጀት

ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ደምቆ፣ ዘመን ዘመንን ሊተካ የጳጉሜን ቀናት ብቻ ሲቀሩ ስለ መጪው ዓመት የማያስብ ሰው የለም። ገበሬው ስለ እሸቱ፣ ተማሪው ስለ ደብተሩ፣ የቤት እመቤቷም ስለ ጓዳዋ ታስባለች። እኛም ለዚህ የበዓል ገጽ የሚሆን ቁም ነገር ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ክፍል ጎራ ብለን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲደምሩና ሲቀንሱ የሚውሉት ባልደረቦች በ2018 ዓ.ም. ማገባደጃ ቡና ከበው፣ የመሥሪያ ቤቱን ሳይሆን የየቤታቸውን የ2019 ዓ.ም. ሒሳብ በጨዋታ መልክ ሲተነብዩ አገኘናቸው።

«የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ የቤታችን ግን መስከረም 1 ቀን ነው» ሲል ጨዋታውን የከፈተው የክፍሉ ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የእርሱ ትንበያ እንዲህ የሚል ነው። መስከረም 1 ቀን አባወራው ሁሉ አዲስ ደብተር ገዝቶ ወጪና ገቢውን መመዝገብ ይጀምራል። ለመስቀል ደብተሩ ይጠፋል። ለገና ከልጁ ቦርሳ ውስጥ የሒሳብ የቤት ሥራ ተሠርቶበት ይገኛል። የተበደረም ሰው «ከመስቀል በኋላ» ይላል፤ መስቀል ሲያልፍ «ከገና በኋላ»፤ ገና ሲያልፍ ደግሞ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። አጠገቡ የተቀመጠች ባልደረባውም «የዕቁብ ዕጣ ገንዘብ ለቸገረው ሳይሆን ደመወዝ በተቀበለበት ሳምንት ለጠገበው ይወጣል» ብላ አከለችበት። ሁሉም ሳቁ።

ነገሩን ከቀልድ ወደ ቁም ነገር የመለሱት በልጅነታቸው የአብነት ትምህርት ቤት የቆዩት የክፍሉ አዛውንት ናቸው። «ልጆቼ፣ እናንተ የምትተነብዩት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። የማይሳሳት ትንበያ ግን አባቶቻችን ትተውልናል» አሉና እርሳስ አነሡ።

ይህ የማይሳሳት ትንበያ ባሕረ ሐሳብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ የደረሰው ይህ የዘመን አቆጣጠር፣ የእርሳስና የወረቀት ሥራ ብቻ ይጠይቃል። አዛውንቱ 5500 ዓመተ ኩነኔን ከ2019 ዓመተ ምሕረት ደምረው 7519 ዓመተ ዓለም አገኙ። ይህ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱ ተቀንሶ ወንበሩ 13 ይሆናል። 13 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 7 ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት፣ ጾመ ነነዌም በየካቲት ይውላል። ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 7 እና 8 ተደምረው 15 ይሆናሉ። እንግዲህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ቀን ይሆናል ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ከኪሳችን ጋር ምን አገናኘው፣ ጋሼ?» ሲል ወጣቱ ጠየቀ።

የአዛውንቱ መልስ ክፍሉን ዝም አሰኘው። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9፣ ትንሣኤም የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። በ2019 ሁለቱም በ20 ቀን ይዘገያሉ። በ2018 ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የነበሩት እሑዶች 4 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 7 ናቸው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ወቅት የሠርግ ወቅት መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚህ የአዛውንቱ የመጀመሪያ ትንበያ፣ የጥሪ ካርዱ ይበዛል፤ ለሙሽሮች የሚሰጠው ስጦታና ለሚዜነት የሚሰፋው ልብስ ኪስ ይዳብሳል የሚል ሆነ።

ሁለተኛው ትንበያ የጓዳው ነው። የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 4 ቀን ይጾማል። በ2018 ይህ ጾም 41 ቀን ነበር፤ በ2019 ሰኔ 14 ስለሚገባ 21 ቀን ብቻ ይሆናል። ረቡዕና ዓርቡ ተቀንሶም ቢሆን ሥጋና ቅቤ ወደ ጓዳ የሚገቡበት ጊዜ ይሰፋል፤ በዚያው ልክ ቦርሳው ይጠባል።

ሦስተኛው የዶሮዋ ነው። የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ይውላልና የዓውደ ዓመቷ ዶሮ የአንድ ቀን ዕድሜ ተመርቆላታል፤ ወጡ ቅዳሜን ይጠብቃል። አራተኛው ደግሞ የደመወዝተኛው ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ 36 ቀን ይቆጠራል። «ጳጉሜን ወር ናት፤ ደመወዝ ግን የላትም» አሉ አዛውንቱ እየሳቁ።

በዚህ መሐል እስከዚያ ድረስ ስታዳምጥ የቆየችው የክፍሉ ገንዘብ ያዥ ንግግር ጀመረች። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። አንድ ዓመት ለትንሣኤ ልጆቿ የጎረቤት ደጅ እንዳያዩ ብላ በወለድ ተበድራ በግ ገዛች። ዕዳው እስከ ፍልሰታ አላለቀም፤ በመጨረሻም አንዲት የክት ቀሚሷን ሸጣ ከፈለች። «የበጉን ጣዕም አላስታውሰውም፤ እናቴ ለፍልሰታ ቅዳሴ በዘወትር ልብሷ ስትሄድ ግን እስከ ዛሬ ትታየኛለች» አለች ገንዘብ ያዧ። ቢቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያ ብድር በወሰዱት ልክ የሚመለስ አልነበረም።

ከዚያ ዓመት በኋላ እናትየው አንዲት ባዶ የቡና ቆርቆሮ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። በየረቡዑና በየዓርቡ ለወጥ ሳይወጣ የቀረውን ሳንቲም ከሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹን በጎረቤት ላሉ አንዲት ዐይነ ስውር እናት ትሰጣለች፤ ግማሹን ከቆርቆሮው ትጨምራለች። በሚቀጥለው ትንሣኤ በግ አልታረደም። ዶሮ ግን ነበረች፤ አበዳሪም በር አላንኳኳም።

እኛም ከዚያ የቡና ሥርዓት ስንወጣ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ኑሮ ተወደደ ስንል እውነታችንን ነው፤ የገበያውን ዋጋ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዓውደ ዓመት ግን ሌባ አይደለም፤ በሌሊት አይመጣም። የሚመጣበት ቀን ከመስከረም 1 ጀምሮ ይታወቃል፤ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም ይታወጃል። «በዓሉ ድንገት ደረሰብኝ» የሚለው ምክንያት እንግዲህ በባሕረ ሐሳብ ፊት አይቆምም። ከመስከረም 1 እስከ ሚያዝያ 24 ያሉት ከሰባት ወር በላይ የሆኑ ጊዜያት ለትንሣኤ ጥቂት በጥቂት ለሚያጠራቅም ቤት ብዙ ናቸው፤ በዋዜማው ለሚሯሯጥ ቤት ግን ምንም ናቸው።

አባቶች እንደሚያስተምሩን በጾም የተረፈው የተራበ ሊበላው የሚገባ ነው። የእንጀራ ጋጋሪዋ ቆርቆሮ ሁለቱንም ያሟላ ነበር፤ በጀትም ምጽዋትም። እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ ደብተሩ ለመስቀል ቢጠፋባችሁ እንኳ ቆርቆሮው እንዳይጠፋባችሁ እንመኛለን።

ዘመነ ሉቃስን የሰላም፣ የጤናና የበረከት ዘመን ያድርግልን። መልካም አዲስ ዓመት!