ከምዝገባ በፊት ያለው ሒሳብ፦ ከሰሜን ጎንደር ደጋ ለንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ መዘጋጀት

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛ ዲግሪ ምዝገባ በአብዛኛው የሚካሄደው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ወቅት የጎተራ መጉደያ ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ገብሱና ባቄላው ገና ማሳ ላይ ይገኛል፤ አጨዳው ከኅዳር ወዲያ፣ ውቂያውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ እየመሩና በቅሎ እያከራዩ የሚተዳደሩትም ቢሆኑ ገቢያቸው የሚጀምረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ስለዚህ በተለምዶ ኤም ቢ ኤ ለሚባለው ዲግሪ የሚዘጋጅ የደጋው ተወላጅ ትልቁን ወጪ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው የቤተሰቡ እጅ ባዶ በሆነበት ሰሞን ነው።

ስለ ዝግጅት ሲነሳ ወሬው ሁሉ በትምህርት ክፍያ ላይ ያተኩራል። ክፍያው ግን አስቀድሞ በማስታወቂያ የሚታወቅና ብዙ ጊዜ በሴሚስተር ተከፋፍሎ የሚከፈል በመሆኑ ለማቀድ ከሁሉም የሚቀለው ነው። ተማሪን መንገድ ላይ የሚያስቀሩት የገንዘቡ መምጫና የወጪው መውጫ አለመገጣጠም፣ የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያና ማንም በዕቅዱ የማያስገባቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ወራት ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በንግድ ትምህርት ቤት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት በሚል ርእስ የሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ይገባሉ፤ ተማሪው ግን ትምህርቱን የሚያገኘው ከተመዘገበ በኋላ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ተመሠረተ። የንግድና ኢኮኖሚክስ ትምህርት የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን ዛሬ ኮሌጁ በማራኪ ግቢ ይገኛል። ማራኪ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዳባት 75 ያህል ይርቃል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ደጋው ደጃፍ ቀርቧል፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ሰውም የሁለቱንም ተቋማት የየዓመቱን ማስታወቂያ ማየት ይጠቅመዋል። የርቀቱ ነገር ኋላ ላይ እንደሚታየው በሒሳቡ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው።

መግቢያው

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ቀደም ሲል እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የነበረውን ፈተና የትምህርት ሚኒስቴር ሀገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተክቶታል። ምዝገባው በኢንተርኔት፣ ክፍያው በስልክ፣ ፈተናው በኮምፒውተር ነው። አሠራሩ ለአዲስ አበባ አመልካች ቀላል ነው። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተፈጠረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ የደጋው አመልካች የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን መጠበቅ የለበትም፤ መስመር በተገኘበት ቀን መመዝገብ፣ ለፈተናውም ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ጎንደር መግባት አለበት። የእነዚያ ቀናት ማደሪያና ቀለብ የዝግጅቱ የመጀመሪያ ወጪ ነው።

ሌላው ጊዜ የሚበላው ጉዳይ የትምህርት ማስረጃ ነው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን የመጋራት ዕዳ አለበት። ዕዳውን በገንዘብ ወይም በተፈቀደ የሥራ ዘርፍ በአገልግሎት ያልከፈለ ምሩቅ ዋናውን ዲግሪና ለሌላ ተቋም የሚላከውን ይፋዊ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት ፈተናውን ካለፉ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ሐዋሳ ወይም ጅማ የተማረ ሰው ደግሞ የዕዳውን ክፍያና የሰነዱን መላኪያ ብቻ ሳይሆን የጉዞውን ወጪም ሊሸከም ይችላል። በሰኔ የተጠየቀ ትራንስክሪፕትና በመስከረም የተጠየቀ ትራንስክሪፕት ዋጋቸው እኩል አይደለም።

የግል ኮሌጅ ለሚመርጥ ሰው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ካምፓስ መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ፕሮግራም ጎንደር ላይ ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ሥራ መልቀቅ ወይስ ቅዳሜና እሁድ

ለስሌት ያህል በደባርቅ አንድ መሥሪያ ቤት በወር 9,000 ብር የተጣራ ደመወዝ የሚያገኝ ባለሙያ ይታሰብ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ሁለት ዓመት በመደበኛው ፕሮግራም ቢማር የሚያጣው ደመወዝ 216,000 ብር ይሆናል። ዲግሪው ያመጣለት የደመወዝ ጭማሪ በወር 2,000 ብር ቢሆን ያጣውን ብቻ ለመመለስ 108 ወር፣ ማለትም ዘጠኝ ዓመት፣ ይፈጅበታል። በዚህ ውስጥ የትምህርት ክፍያ፣ ኪራይና ቀለብ አልተቆጠሩም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት በኋላ 2,000 ብር ከዛሬው 2,000 ብር ጋር አንድ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ እያንዳንዱ አመልካች የራሱን ቁጥር ቢያስገባ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዲግሪው ሥራ የሚያስቀይር ከሆነ ሒሳቡ ከሥሩ ይለወጣል፤ የደረጃ ዕድገት ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ደመወዝ ለቆ መማር በጣም ውድ ምርጫ ነው።

የቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም ደመወዙን ያስቀጥላል፤ ነገር ግን ነፃ አይደለም። ከደባርቅ የሚመላለስ ተማሪ በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር፣ 16 ሳምንት በሚቆይ ሴሚስተር 3,200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ቀድሞ መውጣት፣ ሰኞ ጠዋት ዘግይቶ መግባት ይኖራል፤ ይህን የሚፈቅድ አለቃ ሁልጊዜ አይገኝም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሚቀረው አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን የሁለት ቀን ሙሉ ትምህርት ነው። ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት በእንዲህ ያለ ቀን መቅረት እንዴት እንደሚታይ ከትምህርት ክፍሉ መጠየቅ አለበት። የርቀት ትምህርት ሌላው መንገድ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪያቸውን በ1995 እ.ኤ.አ. ያገኙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነበር። ይሁንና የቡድን ሥራና የክፍል ክርክር የዚህ ዲግሪ ግማሽ አካል በመሆናቸው በርቀት የሚታጣው ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

መሥሪያ ቤት የሚከፍልለት ተማሪ ዕድለኛ ነው፤ ግን የአገልግሎት ግዴታ ውል ይፈርማል፣ ዋስም ያቀርባል። ውሉን ሳያነብ የሚፈርም ብዙ ነው። የሚሸፈነው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው ወይስ አበልም አለው? ትምህርቱ ከሁለት ዓመት ቢያልፍ ማን ይከፍላል? ተማሪው ሥራ ቢለቅ የሚመልሰው ምን ያህል ነው? ዋስ የሆነው የሥራ ባልደረባ እነዚህን መልሶች የማወቅ መብት አለው።

የውጭ ዕርዳታዎችም አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የትምህርት ዕድል ሲያስተናግድ ቆይቷል፤ ትኩረቱ አካል ጉዳተኛ በሆኑ ተማሪዎች ላይ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ የሥራ ልምድ ያለውን አመልካች ይፈልጋል፤ የትምህርት ዕድሉን ያገኘ ሰው ከጨረሰ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ መመለስ አለበት። ማመልከቻው የሚቀርበው ትምህርቱ ከሚጀመርበት አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ በመሆኑ ዘንድሮ የሚያመለክት ሰው ለዘንድሮ ምዝገባ ገንዘብ አላገኘም።

ከዚህ የቀረው ሸክም በቤተሰብ ላይ ያርፋል፤ ከባዱ ውሳኔም እዚህ ላይ ነው። በመስከረም የሚሸጥ እህል የለም፤ ስለዚህ የሚሸጠው ከብት ይሆናል። በግ ወይም ሙክት ቢሸጥ በዓመቱ ይተካል። ከሁለት በሬዎች አንዱ ከተሸጠ ግን አባት በቀሪው በሬ መቀናጆ ፈላጊ ይሆናል፤ የራሱ ማሳ በሰዓቱ የሚታረሰው የጓደኛው ማሳ ከታረሰ በኋላ ነው፤ እርሻ በዘገየ ቁጥር ደግሞ ምርት ይቀንሳል። በሬ የማምረቻ ሀብት ነው፤ የአንድ ሴሚስተር ኪራይ በዚህ ሀብት ሲከፈል ቤተሰቡ የሚከስረው የበሬውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ብድርም የራሱ ችግር አለው። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ሆነ ሌሎች አነስተኛ አበዳሪዎች ያደጉት በአንድ ወቅት ተዘርቶ ወይም ተነግዶ በሚመለስ ገንዘብ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ ከዚያ በኋላ ገቢ ለሚጠብቅ ሰው የመክፈያው ጊዜ ከገቢው ቀድሞ ይደርሳል።

ከሁሉም ይልቅ ከአካባቢው የገቢ ወቅት ጋር የሚስማማው እቁብ ነው። አሥር ሰዎች በየወሩ የሚጥሉት እቁብ በጥር ቢጀመር በጥቅምት ያልቃል፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው እንኳን ገንዘቡን ለምዝገባ ያገኛል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ተራውን ከሌላው ጋር መለዋወጥ ይችላል። እህል የሸጠ ቤተሰብ በጥር እጁ ላይ ገንዘብ ስላለ የመጀመሪያውን ወር መዋጮ መጣሉ አይከብደውም። ወለድ የለውም፤ ጉድለቱ ደግሞ ዋጋ በሚንርበት ዓመት በመጨረሻ የሚወጣው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ ቀንሶ መገኘቱ ነው።

ቤት

የዩኒቨርሲቲ መኝታ በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ መደበኛ ተማሪዎች ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ይከራያል። በማራኪ ዙሪያ የሚገኘው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መጸዳጃው የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪውም የጋራ። ወደ አዘዞ አቅጣጫ በራቁ ቁጥር ኪራዩ ይቀንሳል፣ የታክሲና የባጃጅ ወጪው ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱን ደምሮ ማየት እንጂ ኪራዩን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ጎንደር ላይ ቤት ሲታይ ከስፋቱ በፊት የሚጠየቀው ውኃ ነው። የአንገረብ ግድብ ለከተማዋ ዕድገት ስላልበቃ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ አንዳንዴም ፈረቃው ይረዝማል። ግቢው ሮቶ አለው? ሮቶውን ተከራይ መጠቀም ይፈቀድለታል? ውኃ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን የሚገዛው በማን ወጪ ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ በርካሽ የተከራየ ተማሪ ልዩነቱን በውኃ ይከፍለዋል። የመብራት ክፍያው በሰው ቁጥር ወይም በክፍል መከፈሉ፣ በሩ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋም እንዲሁ አስቀድሞ የሚጠየቅ ነው። የማታ ክፍል ላላት ሴት ተማሪ የበሩ ሰዓትና የመንገዱ መብራት ከኪራዩ ይቀድማሉ።

በመስከረም መጨረሻ ተማሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚፈልግ አከራዩ የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ሊጠይቅ ይችላል። የወር ኪራዩ 3,000 ብር ነው ቢባል፣ ስድስት ወር ማለት በአንድ ቀን 18,000 ብር ነው፤ የደላላው አበልና የፍራሹ ዋጋ ሳይጨመር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ በክልሉ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ተማሪው ከመፈረሙ በፊት የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ አለበት። አዋጁ ባልተሠራበት ቦታም ቢሆን ይዘቱ ለድርድር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ ለአከራዩም ጥቅም አለውና።

ከደጋው የሚመላለሱ የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ቢከራዩ ወጪው ይቀላል። ብዙዎች ግን ዘመድ ቤት ማደርን ይመርጣሉ። አክስት ቤት ኪራይ አይከፈልም፤ ሆኖም ዓርብ ማታ ባዶ እጅ አይገባም፣ ለቅሶና ክርስትና ሲኖርም እሁድ ክፍል መግባት ያስቸግራል። ይህም ወጪ ነው፤ በብር ስለማይቆጠር ብቻ ከዕቅዱ ይዘለላል።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ዕቅዶች አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ይቆማሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በአማካሪ መዘግየት፣ በመረጃ እጦት ወይም በመንገድ መዘጋት ያንን ቀን ሊያልፍ ይችላል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር ኪራይ አለው፤ ደመወዝ የለቀቀ ሰው ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ ያጣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ለሚባል ዲግሪ የሠላሳ ወር በጀት መያዝ ማጋነን አይደለም።

ወጪውን ከሚወስኑት ውስጥ አንዱ የርእስ ምርጫ ነው፤ ይህም በተማሪው እጅ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ የቢራ ገብስ ለጎንደር ብቅል ፋብሪካ የሚቀርብበትን የግብይት ሰንሰለት የሚያጠና የደጋ ልጅ መረጃውን በቤተሰቡ ቤት እያደረ መሰብሰብ ይችላል፤ አርሶ አደሩና ነጋዴው ያውቁታል፣ አስተርጓሚም አስጎብኚም አያስፈልገውም። ነገር ግን የገብስ ገበያ የሚሞቀው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የጥናት ንድፉ እስከ ኅዳር ካልጸደቀ ተማሪው የሚያገኘው የቀዘቀዘ ገበያ ይሆናል፤ ያለው ምርጫም ርእሱን መቀየር ወይም ቀጣዩን ምርት መጠበቅ ነው።