የሰላጣው መደብ ለምን ባዶ ሆነ?

በመስከረም የዘራናቸውን ሁለት መደቦች አይታችኋል። ጥቅል ጎመኑ በሳምንቱ ብቅ አለ። ሰላጣው ግን ሁለት ሳምንት ሞላው፣ ምንም የለም። አንዳንዱ ጉንዳን በላው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ባለሱቁ አሮጌ ዘር ሸጦልን ነው ይላል። ክበባችን የጠረጠረው ሙቀቱን ነው።

ድሬዳዋ ቆላ ናት። በመስከረም ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ፀሐይ የመታው ባዶ አፈር ደግሞ ከአየሩም ይብሳል፣ በባዶ እግሩ የረገጠው ያውቃል። የሰላጣ ዘር የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ከ30 ካለፈ አብዛኛው ይተኛል። አልሞተም እኮ! ቀዝቀዝ እስኪል ይጠብቃል። የጥቅል ጎመን ዘር ግን ሙቀት ይችላል፤ ብርድ የሚፈልገው ኋላ ሲጠቀልል ነው።

«ታዲያ ብርዱ እስኪመጣ ለምን አንጠብቅም?» ትሉ ይሆናል። ችግኝ ለመትከል እስኪደርስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በኅዳር ከዘራን፣ ቀዝቃዛዎቹ ታኅሣሥና ጥር ችግኝ ስንጠብቅ ያልፉና ጎመኑ ሊጠቀልል ሲል ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ የቀረውን ዘር እንዲህ እንሞክረዋለን። ማታ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረን እናረጥበውና ውሃ ከሞላ የሸክላ እንስራ ጎን፣ ጥላ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ሸክላው ላይ ያዣው ውሃ ሲተን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። ማታ የምንለው፣ ዘሩ ውሃ መምጠጥ የሚጀምርባቸው ሰዓታት ቀዝቃዛ እንዲሆኑ ነው። ጨርቁ መድረቅ የለበትም። በሁለት ሦስት ቀን ነጭ ጫፍ ሲያወጣ ቶሎ ይዘራል፤ ሥሩ ከረዘመ ይሰበራል። አፈሩ ስስ ይሁን፣ የሰላጣ ዘር ብርሃንም ይወዳል።

ከመደቡ በላይ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን ሰሌን እንዘረጋለን። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ይገለጥ፣ ከዚያ ይሸፈን። ቀኑን ሙሉ ከተሸፈነ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና ቀጥኖ ይወድቃል።

የውሃ ተረኞች፣ እናንተን የምንለምነው ነገር አለ። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ መጀመሪያ ይፍሰስ። ጠዋትና ማታ ትንሽ ትንሽ በቂ ነው። «ይጠማዋል» ብላችሁ ካጨቀያችሁት ቡቃያው አፈሩ ጋ አንገቱ በስብሶ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ መድኃኒት የለውም። (ካሮት በዚህ ሁሉ ውስጥ አይገባም፤ ችግኙ ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም እዚያው በቦታው ይዘራል።)

አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ሰሌኑን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እናነሳና ከ11 ሰዓት በኋላ እንተክላለን፤ ሰላጣውን በስንዝር ተኩል፣ ጎመኑን በክንድ ርቀት።

ጨርቁን ሐሙስ ማታ እናረጥባለን። ሰሌን አለን፣ እንስራ የለንም። ከቤት አስፈቅዶ ማምጣት የሚችል ተማሪ እስከ ረቡዕ ለክበባችን ይንገረን።