ብረቱ ቀረ፣ ታቦቱ ሄደ፤ ከጃናሞራ ደረስጌ እስከ መቅደላ አምባ

ታሪካቸውን የሚያከብሩ ሕዝቦች ከጦርነት የተረፈ መሣሪያቸውን ዝገት እንዲበላው አይተዉትም። በጦር ሜዳ የዋለውን መርከብ በወደብ አቁመው፣ ጠግነውና ቀለም ቀብተው ቤተ መዘክር ያደርጉታል፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው እየሄዱ «አባቶችህ በዚህ ላይ ሆነው ለአገራቸው ተዋጉ» እያሉ ያስተምሩበታል።

የኦርቶዶክሳውያን አገር ግሪክ «ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ» የተባለውን የጦር መርከቧን በአቴና አጠገብ በፋሊሮ አቁማ ትጠብቀዋለች። ይህ መርከብ በጣልያን አገር በሊቮርኖ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ግሪክ ባሕር ኃይል የገባ ሲሆን፣ በ1912 እና በ1913 በባልካን ጦርነት የኤጌን ባሕር ለአገሩ ያስከበረ ነው። ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1905 በቱሺማ ውጊያ ድል ያገኘችበትን «ሚካሳ» የተባለውን መርከብ በዮኮሱካ አቁማ ከ1926 ጀምሮ መታሰቢያ አድርጋዋለች።

እኛም በዘመኑ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተሰጣት መርከብ ነበረችን። ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለብረትነት ተሸጠች። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ አባት ልጁን ይዞ የሚወጣበት የጦር መርከብ የለውም ማለት ነው። ሆኖም የእኛ የጦርነት መታሰቢያ በባሕር ላይ ሳይሆን በተራራ ላይ ነው። ጅማሬው በስሜን፣ በጃናሞራ ምድር ሲሆን፣ ፍጻሜው በወሎ በመቅደላ አምባ ነው። ሁለቱን ቦታዎች አያይዘን ብንመለከት፣ አንድ ሕዝብ ከጦርነት በኋላ ሊጠብቀው የሚገባው ምን እንደ ሆነ እንማራለን።

ደረስጌ ማርያም

ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ የሚኖሩበትን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ፣ በብርዳሙ በቧሂት ተራራ ጫንቃ ላይ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው በዚህ አገር ነው።

ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ስሜንንና ትግሬን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በአገልግሎታቸው የነበሩ ጀርመናዊ ባለሙያ በሥራው እንደ ረዷቸው ይታወቃል። ደጃዝማች ውቤ ይህን ሁሉ የደከሙት በዚያው ቅጽር ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ሊነግሡ አስበው ነበር። የሚቀቧቸውም ጳጳስ አቡነ ሰላማ ነበሩ፤ እኒህም ጳጳስ በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ የመጡት በራሳቸው በደጃዝማች ውቤ ጥረትና ወጪ ነው።

ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል እንደሚባለው፣ ነገሩ የተፈጸመው በሌላ መንገድ ነው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ መጥተው በደረስጌ ከውቤ ጋር ተዋጉ፤ ድልም አደረጓቸው። ውቤ ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላም፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ «ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። ዘመነ መሳፍንት አብቅቶ አገር አንድ የመሆን ተስፋ ያገኘው በዚያች ቀን ነውና፣ ጃናሞራ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ ትንሽ አይደለም።

ዐፄ ቴዎድሮስም የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። ከእርሳቸውም በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። የተጣሉት ሁለት ወገኖች በአንድ ሕፃን ደም ታረቁ ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ዕርቁ የደም ብቻ እንጂ የልብ አልሆነም። በደረስጌ ድል የሆኑት ውቤ በእስር እንዳሉ ሞቱ። በደረስጌ ቅብዐ መንግሥቱን የፈጸሙት አቡነ ሰላማም በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ አረፉ። እንግዲህ ከደረስጌ ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ በዕንባ የራሰ መሆኑን ማንም ሊያስተውለው ይችላል።

ሴባስቶፖል

ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው የጦር መሣሪያ እንድትሠራ አጥብቀው ይመኙ ነበር። ስለዚህ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩትን የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ባለሙያዎቹ «እኛ ይህን አናውቅም» ቢሉም ንጉሡ እሺ አላሉም፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ መድፎች ተሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ስሙ «ሴባስቶፖል» ተባለ።

ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር ያለ፣ የመስኮብ መንግሥት የጦር መርከቦች ያድሩበት የነበረ ወደብ ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በክሪሚያ ጦርነት ከበው ለአንድ ዓመት ያህል የተዋጉበት፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1855 የያዙት ነው። ይህም ዓመት ቴዎድሮስ በደረስጌ ዘውድ የጫኑበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። በባሕር ዳር ያለ የመርከብ ወደብ ስም ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ ለተሠራ መድፍ ተሰጠ ማለት ነው።

መድፉ ከተሠራ በኋላ ወደ መቅደላ መወሰድ ነበረበት። በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት ወር መጀመሪያ ተነሥቶ መጋቢት እስኪገባደድ ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ይጎትቱት ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ጥልቅ ገደል ወርዶ እንዲወጣ ዐለት እየተፈለጠ መንገድ ተሠራለት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። መርከብ ባሕሩ ይሸከመዋል፤ ሴባስቶፖልን የተሸከመው ግን የድኻው ጫንቃ ነው።

ልጆቻችንን ስናስተምር ታሪክን ግማሹን ሸፍነን መሆን የለበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ የደከሙ ጀግና ናቸው። ዳሩ ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያኗን አቃጥለዋል፤ የየደብሩን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳትም ሰብስበው ወደ መቅደላ አምጥተዋል። በመቅደላ የነበረው ሀብት ከፊሉ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህን መናገር ንጉሡን ማዋረድ አይደለም፤ የኀይል ሥራ በሌላ ኀይል እጅ እንዴት እንደሚወድቅ ለማስተዋል እንጂ።

የስቅለት ዕለትና ማዕዶት

ንጉሡ የውጭ አገር መልእክተኞችን ስላሰሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ላከ። ይህም ሠራዊት በዙላ ወደብ ከመርከብ ወርዶ፣ 44 ዝሆኖች አስከትሎ እስከ መቅደላ ዘለቀ።

ውጊያው የሆነው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ነው። ያ ዕለት ስቅለት ነበረ። ክርስቲያን የተባሉ ሁለት ሠራዊቶች ጌታችን በመስቀል ላይ በዋለበት ዕለት ተዋጉ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከነ ብዙ ሰው በሜዳው ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያን ወገን የሞቱት 700 ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። ያን ያህል የተደከመለት መድፍ የጦሩን ዕድል ሊለውጥ አልቻለም። በሦስተኛው ቀን፣ ማለት ሚያዝያ 6 ቀን በማዕዶት፣ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በዚያውም በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

የተወሰደውና የቀረው

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ የኦርቶዶክስ ቤተ ሰብ ሊያውቀው ይገባል። ወታደሮቹ አምባውን ዘረፉ። ቤተ ክርስቲያኑም አልቀረለትም፤ ታቦታት፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ ዘውድ፣ የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከወረደ በኋላ፣ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበረ። አምባውም በእሳት ተቃጠለ።

ሴባስቶፖል ግን ቀረ። ከክብደቱ የተነሣ በዝሆንም በበቅሎም የሚወሰድ አልነበረም። ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ወደዚያ የወጣ ሰው የሚያየው እንግዲህ ይህን ነው፤ ለመግደል የተሠራው ብረት በስፍራው አለ፤ ለመጸለይ የተሠራው ንዋየ ቅድሳት ግን በስፍራው የለም። ግሪክና ጃፓን የጠበቁት መሣሪያቸውን ነው፤ እኛም መሣሪያችን ቀርቶልናል፤ የጎደለብን ግን ከመሣሪያ የሚበልጠው ነው።

የደረስጌው የዘር ሐረግም አብሮ ተወሰደ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ታመው ሞቱ፤ በትግሬ በጨለቆት ተቀበሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ግን አባትም እናትም አጥቶ ባሕር ተሻገረ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ከተወሰደው ጥቂቱ ተመልሷል። በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ ጠየቁ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። በ1917 ዓ.ም. አንድ ዘውድ ለንግሥት ዘውዲቱ ተሰጠ። በ1994 ዓ.ም. በኤዲንብራ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ሲመለስ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ጠጉር ተመለሰ። ብሪቲሽ ሙዚየም ግን እስካሁን 11 ታቦታት ይዟል፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የቤቱ ጠባቂዎች እንኳ አያዩአቸውም። ይህም ለክብራቸው ተብሎ የተደረገ ነው ይባላል። ነገር ግን ማንም የማያያቸው ከሆነ፣ የሚሳለሟቸው ምእመናን ወዳሉበት ቢመለሱ ምን ይጎዳል? ታቦት በቤተ መዘክር ውስጥ መታሰቢያ አይሆንም፤ መታሰቢያነቱ በመቅደሱ ሲኖር፣ በበዓሉም በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚተርፍ ትምህርት

ደረስጌ ማርያምን እስከ ዛሬ ያቆማት ግዙፍ ቤተ መዘክር ወይም ብዙ ገንዘብ አይደለም። ካህናቱ ሳያቋርጡ ቀድሰውባታል፤ ገበሬው ጣሪያዋ ሲያፈስ ከድኖላታል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን አዝለው ተሳልመዋታል። ያገለገለ ሁሉ ጠባቂ ነውና፣ ከጠባቂዎች የሚበልጠው ጠባቂ አዘውትሮ የሚመጣው ምእመን ነው።

ስለዚህ አንባብያን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። አንደኛ፣ በየአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የብራና መጽሐፍ፣ መስቀልና ሥዕል ከካህናቱ ጋር ሆናችሁ በመዝገብ አስፍሩት፤ ያልተመዘገበ ዕቃ በጠፋ ጊዜ የእኔ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ጥንታዊ ዕቃ እንግዛ ብለው ለሚመጡ ሰዎች ንዋየ ቅድሳትን አትሽጡ፣ ሲሸጥም አይታችሁ ዝም አትበሉ፤ በደላንታ የተጀመረው ጨረታ በእኛ እጅ እንዳይቀጥል። ሦስተኛ፣ ዐቅም ያላችሁ ልጆቻችሁን ወደ ደረስጌ ወይም ወደ መቅደላ ውሰዱ፤ ዐቅም ያነሳችሁ ግን በማዕድ ዙሪያ ንገሯቸው።

ልጁ መድፉን ባየ ጊዜ «አባቶቼ ይህን ያህል ደከሙ» ማለቱ መልካም ነው። ይልቁንም «በዚህ የነበረው ታቦት ወዴት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ የምንጠብቀው ጥያቄ ይህ ነውና ሳንሸሽግ እንመልስለት። ጥያቄው ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የሄደው ይመለሳል፤ የቀረውም አይሄድም።