የአሸናፊው ዜማ ጥላ፦ አማርኛ ወደ ዩሮቪዥን መድረክ የተቃረበበት ዓመት

በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ሾላ ገበያ የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። አንድ ነጋዴ ያመጣው የልብስ ዓይነት ገዢ ተሻምቶ ከወሰደው፣ ብዙ ሳይቆይ ጎረቤቶቹም ያንኑ ሰቅለው ይታያሉ። ቀድሞ ያመጣው ያተርፋል፤ ዘግይቶ የደረሰው ግን ዋጋ እየቀነሰ ሲጣራ ይውላል። በዓለም አቀፍ የዘፈን ውድድሮችም የሚታየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ባለፈው ዓመት ያሸነፈው ዘፈን በተከታዩ ዓመት በብዙ መልክ ተባዝቶ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዋንጫውን የሚወስደው ማንም ያልጠበቀው ሌላ ዜማ ነው።

ይህ አካሄድ የአማርኛ ቋንቋን የነካበት አጋጣሚ ነበር። እ.አ.አ በ2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) እስራኤልን ወክላ በሮተርዳም በሚካሄደው የዩሮቪዥን ውድድር እንድትዘፍን የተመረጠችው ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ በኢየሩሳሌም የተወለደችው ድምፃዊት ኤደን አለነ ነበረች። የተመረጠላት ዘፈን ርእስ ደግሞ «ፍቅር ልቤ» ይሰኛል። ዘፈኑ እንግሊዝኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ዐረብኛንና አማርኛን ያቀላቅላል። ሾላ ገበያ ውስጥ ቆሞ የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ «ፍቅር» እና «ልቤ» ያለ ማያያዣ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ጆሮውን ሳይኮረኩረው አይቀርም። ቃላቱ የተመረጡት ከትርጉማቸው ይልቅ ለድምፃቸው ይመስላል። ያም ሆኖ ከአፍሪካ ቀንድ የወጣ ቋንቋ የአንድን ሀገር የውድድር ዘፈን ርእስ እስከ መሆን መድረሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዘፈኑ እንዴት እዚያ ደረሰ? መልሱ ወደ 2018 ይመልሰናል። በዚያ ዓመት ሊዝበን ላይ ያሸነፈችው እስራኤላዊቷ ኔታ ባርዚላይ ስትሆን፣ «ቶይ» የተሰኘውን ዘፈኗን የደረሱት ዶሮን መዳሊ እና ስታቭ ቤገር ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ «ፍቅር ልቤ»ን ከደረሱት አንዱ ይኸው መዳሊ ነው። ሌላው ኢዳን ራይኸል ይባላል፤ ከ2002 ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች የአማርኛ ግጥሞችንና የኢትዮጵያውያን ድምፃውያንን ድምፅ ከዕብራይስጥ ዘፈን ጋር በማዋሐድ የታወቀ ሙዚቀኛ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ የሁለት ነገሮች ውጤት ነበር፤ በአንድ በኩል ማሸነፍን የቀመሰ ደራሲ፣ በሌላ በኩል በሀገር ውስጥ ገበያ ለዓመታት የተፈተነ የአማርኛ ቅላጼ።

የአሸናፊ ተጽዕኖ በዋናነት የሚተላለፈውም በዚህ መንገድ፣ በደራሲዎች በኩል ነው። አድማጭ ድምፃዊውን ያስታውሳል፤ ሀገራት ግን የሚያፈላልጉት ዜማውን የሠራውን ሰው ነው። በ2012 ስዊድናዊቷ ሎሪን ያሸነፈችበትን «ዩፎሪያ» የደረሱት ቶማስ ጂሶን እና ፒተር ቦስትረም፣ በ2023 እንደገና ላሸነፈችበት «ታቱ»ም በደራሲነት ተሳትፈዋል። ቶማስ ጂሶን ለበርካታ ሀገራት የውድድር ዘፈኖችን ጽፏል። አንድ ሰው ለብዙ ሀገራት ሲጽፍ፣ የተለያየ ባንዲራ የያዙ ዘፈኖች የአንድ ቤት ልጆች ቢመስሉ አያስገርምም።

የውድድሩ የጊዜ ሰሌዳም ይህንኑ ያግዛል። ፍጻሜው በግንቦት ወር ይካሄዳል። በደንቡ መሠረት ለተከታዩ ዓመት የሚቀርብ ዘፈን ከመስከረም መጀመሪያ በፊት ለገበያ መዋል አይችልም፤ በመጋቢት ደግሞ ተጠናቅቆ መቅረብ አለበት። እንግዲህ ደራሲዎች ብዕራቸውን የሚያነሡት ያለፈው አሸናፊ ዜማ ከጆሮ ሳይጠፋ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ውድድሩ በ1956 በስዊዘርላንድ ሉጋኖ ከተማ በሰባት ሀገራት ሲጀመር የሚደመጠው በአመዛኙ ዝግ ያለ፣ በኦርኬስትራ የታጀበ የፍቅር ዘፈን ነበር። በ1965 ፈረንሳዊቷ ፍራንስ ጋል ለሉክሰምበርግ የዘፈነችው፣ ሰርዥ ጌንስቡር የደረሰው ፈጣን የወጣቶች ዘፈን ሲያሸንፍ ግን በሩ ተከፈተ፤ በ1967 የብሪታንያዋ ሳንዲ ሾው በፈጣን ምት ድሉን ወሰደች። በ1974 አባ የተሰኘው የስዊድን ቡድን «ዋተርሉ»ን በእንግሊዝኛ ዘፍኖ ሲያሸንፍ ሀገራት በፈለጉት ቋንቋ እንዲዘፍኑ ተፈቅዶ ነበር። ከ1977 ጀምሮ በየሀገራቸው ቋንቋ እንዲዘፍኑ ተደነገገ፤ ድንጋጌው በ1999 ሲነሣ አብዛኛው ተወዳዳሪ ወደ እንግሊዝኛ ጎረፈ።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት ያለው ግን የ2004ቱ ነው። ዩክሬናዊቷ ሩስላና የካርፓቲያ ተራሮችን ባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ ከዘመናዊ ምት ጋር አዋሕዳ ኢስታንቡል ላይ አሸነፈች። በተከታዩ ዓመት ኪየቭ ላይ ከበሮና የባህል ጭፈራ መድረኩን ሞላው። ሆኖም ሩስላና ያሸነፈችው ከበሮ ስለደበደበች ብቻ አልነበረም፤ የምታውቀውን የተራራ ሙዚቃ ይዛ በመቅረቧ ነበር። ከበሮውን ብቻ የወሰዱት አብዛኞቹ ተረስተዋል። በ2006 ደግሞ ጭንብል ያጠለቁ የፊንላንድ የሮክ ሙዚቀኞች፣ ሎርዲዎች፣ የሁሉንም ግምት አፈረሱ። በ2017 ፖርቱጋላዊው ሳልቫዶር ሶብራል ያለ ምንም የመድረክ ትርኢት በሀገሩ ቋንቋ የዘፈነው ለስላሳ ዜማ ሲያሸንፍም፣ በተከታዩ ዓመት በራሳቸው ቋንቋ የሚዘፍኑ ሀገራት ቁጥር ጨመረ። የዚያ ዓመት አሸናፊ ግን ዶሮ እየመሰለች የዘፈነችው ኔታ ሆነች። ከዚህ ልማድ የሚያፈነግጥ ጊዜም አለ፦ በ2024 ስዊዘርላንዳዊው ኔሞ ኦፔራን ከራፕ አቀላቅሎ ካሸነፈ በኋላ፣ በ2025ም በኦፔራ ድምፅ የዘፈነው ኦስትሪያዊው ጄጄ አሸንፏል።

ወደ ኤደን እንመለስ። «ፍቅር ልቤ» በመጋቢት 2020 መጀመሪያ በተመረጠ በሁለት ሳምንታት ገደማ ውስጥ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩን ሰረዘ። ቀጥሎም ለዚያ ዓመት የተመረጡት ዘፈኖች በ2021 እንደማይቀርቡ አስታወቀ። ድምፃዊቷ በ2021 እንድትመለስ ቢደረግም በሌላ ዘፈን መቅረብ ነበረባት። አዲሱ ዘፈን «ሴት ሚ ፍሪ» በእንግሊዝኛና በጥቂት ዕብራይስጥ የተዘጋጀ ሲሆን አማርኛ አልነበረበትም። በምትኩ ጉልበቱ የተጣለው በድምፅ ችሎታዋ ላይ ነበር፤ ፉጨት በሚመስለው እጅግ ቀጭን ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተዘፈነው ሁሉ ከፍ ያለውን ኖታ አስደምጣለች። ከ26 ሀገራት በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች።

በዚያው ምሽት የሆነው ነገር ግን ያስቆጫል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ነበሩ፤ አንዳቸውም በእንግሊዝኛ አልዘፈኑም። አሸናፊዎቹ ማኔስኪኖች በጣሊያንኛ ሮክ አቀነቀኑ። አማርኛ ከዘፈኑ የወጣበት ዓመት፣ ዳኞችና ተመልካቾች ለየሀገሩ ቋንቋ ጆሯቸውን የሰጡበት ዓመት ሆነ። «ፍቅር ልቤ» ቢዘፈን ኖሮ ያሸንፍ ነበር ለማለት አይደለም። ኖታን ከፍ ማድረግ የሚችል ድምፃዊ ግን በየሀገሩ ይገኛል፤ አማርኛን ይዞ ሊቀርብ የሚችለው እሷ ብቻ ነበረች።

ኢትዮጵያ ራሷ በዚህ መድረክ የመሳተፍ መብት የላትም፤ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ክልል ተብሎ ከተሰየመው አካባቢ ውጭ ናት። ከአፍሪካ እስካሁን የተወዳደረችው በ1980 አንድ ጊዜ ብቻ የቀረበችው ሞሮኮ ናት።

በሀገራችን የድምፅ ውድድሮች ደግሞ የአሸናፊ ጥላ የሚያርፈው በሌላ መልክ ነው። በፋና ላምሮትም ሆነ ቀደም ሲል በባላገሩ አይዶል ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚዘፍኑት የጥላሁን ገሠሠን፣ የማሕሙድ አሕመድን፣ የአስቴር አወቀን ሥራዎች ነው። ስለዚህ ካለፈው ዓመት አሸናፊ ይልቅ የሚከብደው የቀደምቶቹ አሻራ ነው። ከአሸናፊው የሚወረሰው የዘፈን ምርጫና የድምፅ አጣጣል እንጂ አዲስ ድርሰት አይደለም። ውድድሮቹ ድንቅ ድምፆችን ያወጣሉ፤ አዲስ ዜማ ግን እምብዛም አያመጡም፤ ደንባቸው አይጠይቅምና። የባላገሩ አይዶል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ የራሱን አልበም ለማውጣት ከውድድሩ በኋላ ዓመታት ወስዶበታል። ለአልበሙም «የኔ ዜማ» የሚል ርእስ ሰጠው።