አስፈሪው ውሃ የትኛው ነው?

ከለንደን በስተሰሜን፣ በሊ ሸለቆ፣ 300 ሜትር የሚረዝም የኮንክሪት ቦይ አለ። ለ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒክ የካኑ ስላሎም፣ ማለትም በፈጣን ውሃ ላይ ጀልባ የመቅዘፍ፣ ውድድር የተሠራ ሲሆን ዛሬ ማንም ከፍሎ በጎማ ጀልባ ይወርድበታል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገረመው በፓምፑ ነው፤ ውሃውን እንዲህ የሚያስጋልበው እሱ ይመስለዋል።

ፓምፑ ግን ሥራው ማንሳት ብቻ ነው። በየሰከንዱ 13 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 13 ቶን ያህል ውሃ፣ ከታችኛው ኩሬ 5.5 ሜትር ከፍ አድርጎ ላይኛው ኩሬ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግልቢያ የቁልቁለቱ ነው። ለ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ላይ የተሠራው ቦይማ ጭራሽ ፓምፕ አያስፈልገውም፤ ውሃውን የሚያገኘው ከሌክ ወንዝ ነው።

«ሰው የሠራው ውሃ ምን ፈተና አለው? ሁሌም ያው ነው» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ምሥራቅ ጀርመኖች የአውግስቡርግን ቦይ አስመስለው ስቪካው ላይ ሠሩና ተለማመዱበት፤ በ1972ቱ የስላሎም ውድድር አራቱንም ወርቅ ጠራርገው ወሰዱ። ሆኖም መጠኑ ባይለወጥም ውሃ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም፤ ማዕበሉ ያብጣል፣ ይሟሽሻል። በዘመኑ ቦዮች ውስጥ ያሉት መሰናክሎችም የሚነቀሉ ብሎኮች ናቸው። አንዱን ትንሽ ፈቀቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ሞገድ ሌላ ይሆናል።

ኮንክሪት ውስጥ ስላለ እንደ መዋኛ ገንዳ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ፣ ሻርሎት ውስጥ፣ እንዲህ ባለ ቦይ ጀልባ የቀዘፈች ወጣት በአሜባ ተይዛ ሞታለች፤ የውሃው ድፍርስነት የክሎሪኑን ጉልበት አዳክሞት ነበር።

ሕይወት የሚያስከፍለው ትልቁ ስሕተት ግን «አረፋ የበዛበት ይገድላል፣ ለስለስ ብሎ የሚወርደው አያሰጋም» የሚለው ነው። በፍጥነት የወረደ ስስ ውሃ ከታች ካለው ጥልቅና ዘገምተኛ ውሃ ጋር ሲጋጭ ድንገት ከፍ ይላል፤ አየር እየዋጠም ይነጣል። መሐንዲሶች ሃይድሮሊክ ጃምፕ ይሉታል። እዚያ ላይ የላይኛው ውሃ ወደመጣበት ይመለሳል። የገባበትን ሰው ይደፍቀዋል፣ ብቅ ያደርገዋል፣ መልሶ ውሃው ወደሚወድቅበት ይጎትተዋል። አየር የሞላበት ውሃ ደግሞ እንደ ወትሮው አያንሳፍፍም።

የዲዛይነሩ ትልቁ ጥበብ ይህ መላሽ ውሃ ቦዩን ከዳር እስከ ዳር እንዳይዘጋው ማድረግ ነው። ስለዚህ መሰናክሎቹ ሆን ተብሎ ይዛነፋሉ፣ በአንድ ጎን መውጫ ይተዋል፣ ከበታቹ ጀልባ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ውሃ ይከተላል። ያ ሁሉ የሚያስፈራ አረፋ የወደቀውን ሰው ገፍቶ እንዲያወጣው ተብሎ የተቀረጸ ነው።

ለመስኖ የሚሠራ የወንዝ ጠለፋ ግድብ ግን ጫፉ በውሃ ልክ የተስተካከለ ነው። ክረምት ሲሞላ ውሃው እንደ መስታወት ለስልሶ ይወርዳል፤ ግድቡ ከሰው ቁመት ላይበልጥ ይችላል። ከሥሩ ያለው መላሽ ውሃ ግን ከዳር እስከ ዳር ሊዘጋና ምንም መውጫ ላይኖረው ይችላል። የነፍስ አድን ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ግድብ «የማስጠሚያ ማሽን» ይሉታል። ልጆች የሚዋኙበት ካለ፣ ወንዙ በሞላ ሰሞን ከግድቡ በላይም በታችም መራቅ አለባቸው። ሰው ከተያዘ ደግሞ ተከትሎ መዝለል ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው፤ ከዳር ሆኖ ገመድ መወርወር ወይም ረጅም እንጨት ማቀበል ይሻላል።