ቬንትሌተሩ አልዞር ሲል

የአባይ በረሃን ዳገት ስትወጡ መኪናው ከፈላ፣ አዲስ ቬንትሌተር ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ፈትሹ። ኤሲውን ክፈቱ፤ በአብዛኛው መኪና ቬንትሌተሩ አብሮ ይነሳል። ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ሴንሰሩ ይዞራል። ካልተነሳ ፊውዙን እዩ፣ ሪሌውን በሌላ ተመሳሳይ ሪሌ ቀይሩ። ከዚያ የቬንትሌተሩን ሶኬት ነቅላችሁ ከባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት ስጡት፤ ያኔም ካልዞረ የራሱ ሞተር ሞቷል። እጃችሁን ከክንፎቹ አርቁ፣ መኪናው ጠፍቶም ቬንትሌተሩ ሊነሳ ይችላል።

እዚህ አማኑኤል ግን ሌላም ነገር አለ። ደጋ ላይ ነን፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ብዙ ቬንትሌተር የሚነሳው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘና የሞላችሁት ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ጤነኛው ቬንትሌተር ሳይነሳ ይፈላል። ክዳኑን ግን ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ።